በቅንፍ ውስጥ ያለ ቋንቋ፦ የቻይና የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ አጫጭር ምንባቦችና የፍቺያቸው ታሪክ

በቻይና መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ማለትም ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ባለው እርከን፣ እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ አስተማሪው ማየት የማይወደውን ነገር አንዳንድ ጊዜ በመጽሐፉ ላይ በእርሳስ ይጽፋል። «ታንክ ዩ» ከሚለው ሐረግ በላይ ሦስት የቻይንኛ ፊደሎች ይደረድራል። ሲነበቡ «ሳን ከ ዮ» ይላሉ፤ ትርጉማቸው ከተፈለገ ግን «ሦስት ግራም ዘይት» ነው። ልጁ ዘይትም ሚዛንም አላሰበም፤ የባዕዱን ድምፅ በሚያውቀው ጽሕፈት አስሮ ለነገ ማቆየት ፈልጎ ነው። አስተማሪዎች ልማዱን ይነቅፉታል፤ አነጋገርን ያበላሻል ይላሉ፤ እውነትም አላቸው። ሆኖም ይህች የእርሳስ መስመር ቻይናውያን እንግሊዝኛን በጽሑፍ ለመያዝ ከሞከሩባቸው መንገዶች ከጥንታውያኑ አንዷ ናት።

የቻይና የእንግሊዝኛ ትምህርት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በፖሊሲ ወይም በማስተማሪያ ዘዴ ተከፋፍሎ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ጠበብ ያለ ፈለግ ነው፤ ከአጭሩ ምንባብ ጎን፣ በግርጌው ወይም በውስጡ የተቀመጠውን ፍቺ ይከተላል። ምንባቡ ምንጊዜም እንግሊዝኛ ነው። ፍቺው ግን በየዘመኑ ቋንቋውን ለውጧል፤ በየትኛው ቋንቋ እንደተጻፈ መመልከትም መጽሐፉ ለየትኛው ልጅ እንደታሰበና የትኛው ልጅ እንደተዘነጋ ያሳያል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ምዕራባውያን ነጋዴዎች በባሕር መጥተው እንዲነግዱ የተፈቀደላቸው በካንቶን ወደብ ብቻ ነበር። በዚያ ለደላሎች፣ ለባለሱቆችና ለአሽከሮች የሚሸጡ ቀጫጭን የቃላት መጻሕፍት ነበሩ፤ «የቀይ ጠጉሮች ንግግር» ይባላሉ። ቀይ ጠጉር የተባሉት አውሮፓውያን ናቸው። በእነዚህ መጻሕፍት ለላቲን ፊደል ቦታ አልተሰጠውም። የቻይንኛው ቃል ይቀመጥና ከሥሩ የእንግሊዝኛው ድምፅ በቻይንኛ ፊደል ይጻፋል። «ሦስት» ለሚለው ቍጥር የቀረበው ድምፅ አንድ ላይ «መልክዐ ምድር» የሚል ትርጉም ባላቸው ሁለት ፊደሎች የተጻፈ ነው። ለ«አራት» የተመረጠው ፊደል ደግሞ ለቋንቋ አጥኚ ይበልጥ ይናገራል። በካንቶንኛ «ፎ» ተብሎ ስለሚነበብ ለእንግሊዝኛው «ፎር» ይቀርባል፤ የቤጂንግ ሰው ያንኑ ፊደል ቢያነብ ግን «ከ» ይላልና ከእንግሊዝኛው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ፊደሉ ለመላው ግዛት አንድ ሲሆን ድምፁ የአገር ቤት ነው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ መቅድም ባይኖረው እንኳ ለማን እንደተጻፈ ከፍቺው ይታወቃል፤ ካንቶንኛ አፉን ለፈታ ሰው ነው።

ከነዚህ መጻሕፍትና ከወደቡ ንግግር የወጣው እንግሊዝኛ ፒጂን ተባለ። የቋንቋ ሊቃውንት ዛሬ ቃሉን ለዓለም የንግድ ቅይጥ ቋንቋዎች ሁሉ ይጠቀሙበታል፤ የጀመረው ግን ከዚያው ወደብ ሲሆን፣ «ቢዝነስ» የሚለው ቃል በቻይናውያን አፍ ካገኘው ድምፅ እንደመጣ በሰፊው ይታመናል።

ነገሩን ከወደብ ወደ ቤተ መንግሥት ያወጣው ጦርነት ነው። በ1858 የተፈረመው የቲያንጂን ውል የእንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤዎች በእንግሊዝኛ እንዲጻፉ፣ በትርጉም ልዩነት ቢነሣም የእንግሊዝኛው ቃል እንዲጸና አዘዘ። ስለዚህ የቺንግ መንግሥት የራሱ አስተርጓሚዎች አስፈለጉት። በ1862 ቶንግዌን ጓን የተባለው የቋንቋ ትምህርት ቤት በቤጂንግ ሲከፈት ከማንቹ ባንዲራዎች ማለትም ከወታደራዊ ቤተሰቦች የተመረጡ 10 ልጆችን ተቀበለ። ልጆቹ ዕድሜያቸው ከዛሬው የመካከለኛ ደረጃ ተማሪ ዕድሜ የራቀ አልነበረም። በኋላ በወጣው የ8 ዓመት ሥርዓተ ትምህርት መሠረት የመጀመሪያው ዓመት ማንበብና መጻፍ፣ ሁለተኛው ዓመት ቀላል መጻሕፍትን እያብራሩ ማንበብና ቁርጥራጭ የጽሕፈት ወረቀቶችን መተርጎም ነበር። አጭር ምንባብ በቻይና የመንግሥት ትምህርት ቤት የገባው በዚህ መልክ ነው። ዓላማው ከንባብ ደስታ የራቀ፣ የጠላትን ደብዳቤ በትክክል ከመረዳት የተነሣ ነበር። ከዚሁ ቤት የወጡ ሁለት ሰዎች በ1891 ለወጣቱ ንጉሠ ነገሥት ለጓንግሹ እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመሩ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ የነበረው አሜሪካዊው ዊልያም ማርቲን እንደጻፈው፣ መሳፍንት ተንበርክከው ሳለ አስተማሪዎቹ በንጉሡ ፊት እንዲቀመጡ ይፈቀድላቸው ነበር።

በዚያው በ1862 በካንቶን ሌላ ሥራ ታተመ፤ በፍቺ ታሪክ ውስጥ ከትምህርት ቤቱ መከፈት ያነሰ ክብደት የለውም። ታንግ ቲንግሹ የተባለ፣ በሆንግ ኮንግ የሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ባለስድስት ቅጽ የእንግሊዝኛ መማሪያ አሳተመ። ይህ ሰው በኋላ የታወቀ የጃርዲን ማትሰን ኩባንያ ወኪል፣ ቀጥሎም የቻይና የነጋዴዎች የእንፋሎት መርከብ ኩባንያ መሪ ሆኗል። በመጽሐፉ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ፣ የቻይንኛው ትርጉምና በቻይንኛ ፊደል የተጻፈው አነባበብ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አነባበቡ የተሰላው በካንቶንኛ ነው። አንዳንድ ቦታ ደግሞ የወደቡ ፒጂን ለዚያው ሐሳብ የሚጠቀምበት አባባል አብሮ ተመዝግቧል። ታንግ ትክክለኛውን እንግሊዝኛ ሊያስተምር ቢነሣም አንባቢው ከየት እንደሚመጣ አልደበቀም፤ የሚናገረውን ቅይጥ እንግሊዝኛም እንደ ነውር አልሰረዘውም። ከዚያ በኋላ በነበሩት መቶ ዓመታት ከታተሙት ብዙ መጻሕፍት ይልቅ ይህ ሥራ ለተማሪው ቋንቋ ታማኝ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቀጣዩ ምዕራፍ በሻንጋይ ይጀምራል። በ1897 በአንድ የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የኅትመት ሙያ የቀሰሙ ጓደኛሞች «ሻንግዉ» የተባለውን የንግድ ማተሚያ ቤት መሠረቱ። በ1898 ያሳተሙትና የማተሚያ ቤቱን ዕድል የከፈተው መጽሐፍ የእንግሊዝኛ ጀማሪ መማሪያ ነበር። ምንባቦቹ ለቻይናውያን የተጻፉ አልነበሩም፤ በብሪታንያ ሥር ለነበረችው ህንድ ልጆች የተዘጋጁ ናቸው። ሽዬ ሆንግላይ የተባለ ክርስቲያን ምሁር ወስዶ ለየምንባቡ የቻይንኛ ትርጉምና ማብራሪያ ጨመረበት። በቅድሚያ ይታተም የነበረው የእንግሊዝኛው ብቻ ስለነበር ተማሪው ያለ አስተማሪ ሊጠቀምበት አይችልም ነበር፤ የተሸጠውም ፍቺው ነው ማለት ይቻላል። የግእዝን ቃላት በአማርኛ የሚፈቱትን የሰዋስው ብራናዎች የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ሁለት ቋንቋ በአንድ ገጽ ላይ ሲቀመጥ አንዱ ጌታ ሌላው ተርጓሚ ይሆናል።

ይሁንና ሽዬ የጻፈው ፍቺ ካንቶንኛ አልነበረም። የሻንጋይም ንግግር አልነበረም። ከሰሜን እስከ ደቡብ ያለ የተማረ ሰው ሁሉ በዓይኑ የሚረዳው የጽሕፈት ቻይንኛ ነበር። መጽሐፉ በመላው አገር እንዲሸጥ ያስቻለው ይኸው ነው። ዋጋውም አለ፤ በካንቶን መጻሕፍት ውስጥ ይሰማ የነበረው የተማሪው የገዛ ድምፅ ከገጹ ጠፋ። በዚያው ዓመት ያው ማተሚያ ቤት የማ ጂያንጆንግን የቻይንኛ ሰዋስው ማሳተም መጀመሩ ትኩረት ይሻል። ማ በፈረንሳይ የተማረ ሰው ነው፤ የቻይንኛን የጥንት ጽሑፍ በላቲን ሰዋስው ክፍሎች እየመደበ የተነተነበት ይህ ሥራ በቻይናዊ እጅ የተጻፈ የመጀመሪያው አጠቃላይ የቻይንኛ ሰዋስው ተደርጎ ይቆጠራል። የምዕራብ ልጆች የቋንቋቸውን ሕግ ተምረው ቶሎ ወደ ዕውቀት ሲገቡ የቻይና ልጆች ዓመታትን በቃል በመያዝ ይፈጃሉ የሚል ቁጭት ነበረው። አንዱ መጽሐፍ እንግሊዝኛን በቻይንኛ ሲፈታ ሌላው ቻይንኛን በምዕራብ ሰዋስው ፈታ። ሁለቱም ከአንድ ማተሚያ መኪና ወጡ።

በ1904 የወጣው የትምህርት ደንብ ለመካከለኛ ደረጃ የውጭ ቋንቋን ግዴታ አደረገ፤ በ1905 የንጉሠ ነገሥቱ የሹመት ፈተና ቀረ፤ በ1922 ደግሞ ዛሬም የሚታወቀው የ6፣ የ3 እና የ3 ዓመት እርከን ተዘረጋ። እንግሊዝኛ የሚያነበው ልጅ ከጥቂት አስተርጓሚዎች ልጅነት ወጥቶ የተለመደ ተማሪ ሆነ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የምንባቡ ፍቺ በራሱ በቻይንኛ ላይ ጫና ማሳደሩ ጎልቶ ይታያል።

ከሁሉ የሚደንቀው የ«ሺ» ጉዳይ ነው። የጀማሪ ምንባብ ያለ «ሂ» እና «ሺ» አይራመድም። ቻይንኛ ግን በንግግር ለወንድም ለሴትም ለዕቃም አንድ ተውላጠ ስም ብቻ አለው፤ «ታ» ነው፤ በጽሕፈትም አንድ ፊደል ይበቃው ነበር። ስለዚህ ስለ አንድ ልጅና ስለ እኅቱ የሚያወራ አጭር ምንባብ ሲፈታ ሁለቱ ሰዎች አንድ ሆነው ይቀራሉ። ፈቺዎች መላ ፈለጉ፤ «ያቺ ሴት» የሚል ጨመሩ፣ ከክፍለ ሀገር ንግግር ሌላ ተውላጠ ስም ተዋሱ። በመጨረሻ ገጣሚና የድምፅ ሊቅ የነበረው ሊዩ ባንኖንግ ሰው የሚለውን የፊደሉን ክፍል «ሴት» በሚለው መተካትን ሐሳብ አቀረበ፤ በ1920 ባወጣው ጽሑፍም ተሟገተለት። አንዳንድ ሴቶች አዲሱ ፊደል ሴትን ከሰው ይነጥላል ብለው ቢቃወሙም ፊደሉ ጸንቶ ቀረ። ድምፁ ግን አልተለወጠም። ዛሬም በንግግር ሁለቱ «ታ» ናቸው፤ የቻይና ተማሪ በጽሑፍ የማይስተውን «ሂ» እና «ሺ» በንግግር የሚያቀያይረው ስለዚህ ነው። የአማርኛ ተናጋሪ በዚህ አይደናገርም፤ ጾታን በተውላጠ ስሙም በግሡም ለይቶ ያደገ ነውና፤ እሱን የሚፈትነው «ኢት» ነው። ዋንግ ሊ በ1940ዎቹ ባሳተመው የቻይንኛ ሰዋስው «የአውሮፓ መልክ የያዘ አገባብ» ብሎ ራሱን የቻለ ምዕራፍ እስከመስጠት የደረሰው እንዲህ ያሉ ለውጦች ተደራርበው ነው።

የ1920ዎቹ መጨረሻ በዚህ ታሪክ ውስጥ ደስ የሚል ጊዜ ነው። በ1928 ካይሚንግ የተባለው የሻንጋይ አሳታሚ የሊን ዩታንግን የእንግሊዝኛ ንባብ መጻሕፍት ማውጣት ጀመረ። ሊን በኋላ በድርሰቱ በዓለም የታወቀ ሰው ሲሆን፣ ያን ጊዜ ግን በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ በጥንታዊ ቻይንኛ ድምፆች ላይ ጽፎ የዶክተርነት ማዕርግ ያገኘ የቋንቋ ሊቅ ነበር። ሰዓሊው ፌንግ ዚካይ ምንባቦቹን በጥቂት የቀለም መስመር ሥዕሎች አጀባቸው። ሥዕሉ ከፍቺው ሥራ ከፊሉን ተረከበ፤ ልጁ ቃሉን ከማየቱ በፊት ነገሩን አየ። የአንደርሰን ተረትና የግሪክ አፈ ታሪክ ከተራ የቤት ውስጥ ንግግር ጋር ተፈራርቀው ገቡ። መጽሐፉ ለደራሲው ብዙ ገንዘብ አስገኘ፤ የባለቤትነት ክፍያ ንጉሥ እስከ መባልም ደረሰ። በ1930 ካይሚንግ አንድ ተፎካካሪ አሳታሚ ምንባቦቹን ገልብጧል ብሎ የከሰሰበት ሙግት በጋዜጦች ላይ ሰፊ ወሬ ሆነ፤ ጉዳዩም ትምህርት ሚኒስቴር ደረሰ። አጭር የልጆች ምንባብ የማን ንብረት ነው የሚለው ጥያቄ ለጠብ የሚያበቃ ገበያ መፈጠሩን ያሳያል።

በዚያው ዘመን እንግሊዛዊው አይ ኤ ሪቻርድስ በ1929 እና በ1930 በቺንግኋ ዩኒቨርሲቲ ካስተማረ በኋላ 850 ቃላት ብቻ ያሉትን «ቤዚክ» እንግሊዝኛ ወደ ቻይና ትምህርት ቤቶች ለማስገባት በ1936 ተመለሰ። በጁላይ 1937 የጃፓን ጦር ወረራውን ሲያሰፋ ሥራው ከፍጻሜ ሳይደርስ ተበተነ።

ከ1949 በኋላ ተራው የሩስኛ ሆነ። ከ1954 መጸው ጀምሮ በመካከለኛው እርከን የውጭ ቋንቋ ጭራሽ ቀረ፤ እንግሊዝኛ ወደዚያ እርከን መመለስ የጀመረው በ1957 ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የነበረው ወዳጅነት ሲሻክር እንግሊዝኛ ቀዳሚነቱን አገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ በ1966 የባህል አብዮት ተነሣ።

የባህል አብዮቱ መጻሕፍት በፍቺ ታሪክ ውስጥ የተገለበጠ ገጽ ናቸው። ትምህርት ሲቀጥል ክፍላተ ሀገር የየራሳቸውን መማሪያ አዘጋጁ፤ የመጀመሪያው ትምህርት ለሊቀ መንበሩ ረጅም ዕድሜ የሚመኝ መፈክር፣ ቀጥሎ ያለው ምንባብ ስለ አርአያው ወታደር ስለ ሌይ ፌንግ ወይም ስለ አንድ ድኻ ገበሬ የድሮ መከራ ነበር። ጽሑፉ አስቀድሞ በቻይንኛ የነበረና ሁሉም በቃሉ የያዘው ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛው ራሱ ፍቺ ሆነ፤ ቻይንኛው ደግሞ ዋናው ምንባብ። በዚህ መሳቅ ቀላል ነው። ነገር ግን ከተማሪው አኳያ ሲታይ ያን ያህል ግልጽ የሆነ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በቻይና ምድር ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ልጁ የማያውቀው አንድም ነገር በውስጡ አልተጠቀሰም። ሁሉን ተረድቶ ሲያበቃ ግን መንገድ ላይ ያገኘውን እንግሊዝኛ ተናጋሪ እንዴት ሰላም እንደሚለው አያውቅም ነበር።

በ1977 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ተመለሰ። የእንግሊዝኛ ውጤት ለጥቂት ዓመታት በከፊል ሲታሰብ ቆይቶ ከ1983 ጀምሮ እንደ ሌሎቹ ትምህርቶች በሙሉ ተቆጠረ። ከዚያ ወዲህ አጭር ምንባብ ማለት በዋናነት የፈተና ምንባብ ማለት ሆነ፤ ከላይ ያለው ፈተና ወደ መካከለኛው እርከን መልቀቂያ ፈተናም ልማዱን አወረደ። ከሁሉ የሚፈራው ዓይነት በምንባቡ ውስጥ ባዶ ቦታ ትቶ አማራጭ የሚሰጠው ነው። ዘዴውን በ1953 ያቀረበው አሜሪካዊው ዊልሰን ቴይለር ሲሆን፣ ዓላማው አንድ ጽሑፍ ለአንባቢ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ መለካት ነበር። ተመዛኙ ጽሑፉ ነበር። በፈተና አዳራሽ ውስጥ ሚዛኑ ዞረና ተመዛኙ ልጁ ሆነ።

ፍቺውም በዚህ ዘመን አዲስ ቦታ አገኘ። የፈተና ምንባብ ከመርሐ ትምህርቱ የቃላት ዝርዝር ውጪ የሆነ ቃል ሲኖርበት፣ ቃሉ እንደተጻፈ ወዲያው በቅንፍ ቻይንኛው ይከተላል። የአንድ እንስሳ፣ የአንድ በሽታ ወይም የአንድ መሣሪያ ስም በእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር መካከል በቻይንኛ ተፈቶ ይገኛል። ልምዱ ርኅራኄ አለው፤ ልጁን ባልተማረው ቃል ላለመጣል ታስቦ ነው። ለልምምድ የሚሸጡ መጻሕፍትም ተከትለውታል። ዓይንም ይለምደዋል፤ እንግሊዝኛውን ዘሎ ቅንፉ ላይ ያርፋል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ የሕዝብ ትምህርት ማተሚያ ቤት ከእንግሊዙ ሎንግማን ጋር በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እየተደገፈ ያዘጋጀው መጽሐፍ በ1990ዎቹ በአገሪቱ አብዛኛው ክፍል ተዳረሰ። ሊ ሌይ የተባለ ልጅ፣ ሃን ሜይሜይ የተባለች ልጅ፣ ሉሲና ሊሊ የተባሉ መንትዮች፣ ጂም የሚባል እንግሊዛዊና አንድ በቀቀን የዚያ መጽሐፍ ሰዎች ናቸው። እነዚያ ተማሪዎች ካደጉ በኋላ ሊ ሌይና ሃን ሜይሜይ ተጋብተው ይሆን ብለው የሚከራከሩበት ትዝታ ተፈጠረ፤ በ2017 በስማቸው ፊልም ወጣ። የቀድሞዎቹ ምንባቦች በፍጻሜያቸው ምክር ነበራቸው፤ የእነ ሊ ሌይ አጫጭር ንግግሮች ግን ሳይቋጩ ይቋረጡ ነበር። አንባቢው ዕድሜውን ሙሉ ሲጨርሳቸው የኖረው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በ2001 በተጀመረው ለውጥ እንግሊዝኛ ቀስ በቀስ ወደ አንደኛ ደረጃ 3ኛ ክፍል ወረደ። የ2011 መመዘኛ ደግሞ ተማሪው 9ኛ ክፍልን ሲያጠናቅቅ ከ1500 እስከ 1600 ቃላት እንዲያውቅና ከመማሪያ መጽሐፉ ውጪ በድምሩ ከ150,000 ቃል በላይ እንዲያነብ ጠየቀ። አንድ ምንባብ 200 ቃል ቢኖረው ይህ 750 ምንባብ ነው፤ ለሦስት ዓመት ሲካፈል በየሳምንቱ አምስት ገደማ ይደርሳል። በ2021 የወጣው የቤት ሥራና የግል ማስጠኛ መቀነሻ መመሪያ በበኩሉ የመካከለኛው እርከን የጽሑፍ የቤት ሥራ በአማካይ በቀን ከ90 ደቂቃ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ይህም ለሁሉም ትምህርቶች ተካፍሎ ነው። ሁለቱ ቍጥሮች እንዴት እንደሚታረቁ የሚያውቀው አስተማሪው ነው።

እስካሁን የተነገረው ቻይንኛ ለሚናገረው ልጅ ነው። ቻይና ከሃን ሌላ 55 ብሔረሰቦችን በይፋ ታውቃለች። ኡይጉርኛ የቱርክ ቋንቋዎች ወገን ነው፤ ግሡን በመጨረሻ ያስቀምጣል፤ ቃሉን በቅጥያ ላይ ቅጥያ እየደረበ ያረዝማል። ቲቤትኛና ሞንጎልኛም ግሥን መጨረሻ ላይ ያሳርፋሉ። በያንቢያን የሚኖሩ ኮሪያውያን ትምህርት ቤቶች ደግሞ ለረጅም ጊዜ በእንግሊዝኛ ፈንታ ጃፓንኛን ያስተምሩ ነበር፤ አገባቡ ለኮሪያንኛ ስለሚቀርብ ተማሪዎቹ ይቀናቸዋል። ለእነዚህ ልጆች እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋ ነው። ፌንግ አንዌይና ቦብ አዳምሰን በ2015 ያሳተሙት የጥናት ስብስብ እንደሚያሳየው የሦስት ቋንቋ ትምህርቱ ይዘት ከቦታ ቦታ በእጅጉ ይለያያል፤ የቤት ቋንቋው የሚበረታበት አለ፣ በስም ብቻ የሚቀርበት አለ። በምንባቡ ውስጥ ያለው ቅንፍ ግን በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ላሳ ያለ ልጅ የማያውቀውን የእንግሊዝኛ ቃል የሚያገኘው በትምህርት ቤት በለመደው ቻይንኛ ተፈቶ ነው፤ ያም ቃል በቻይንኛ አዲስ ከሆነበት ቅንፉ ራሱ ፍቺ ይፈልጋል።

አማርኛ ተማሪው የተወለደበትን ቋንቋ «አፍ መፍቻ» ይለዋል፤ «ፍቺ» እና «መፍቻ» ከአንድ ግሥ የወጡ ናቸው። በኢትዮጵያም ከ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ በፊት የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ አማርኛ ስለነበር፣ በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ የሚናገር ልጅ የእንግሊዝኛውን ቃል የሚፈታለት አፉን ባልፈታበት ቋንቋ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁኔታው የተለየ መንገድ ያዘ፤ ምክንያቱም በኢትዮጵያ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያም ሲሆን በቻይና የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አንድ የትምህርት ዓይነት ሆኖ ቀርቷል።

ታንግ ቲንግሹ በ1862 ካንቶንኛውን ከእንግሊዝኛው አጠገብ ሲያሰፍር መጽሐፉን የሚገዛው ሰው በምን ቋንቋ እንደሚያስብ ያውቅ ነበር፤ ገበያውም ጠባብ ነበር። የዛሬው የምንባብ አዘጋጅ ገበያው አገሩ በሙሉ ነው። ሁለት መስመር ቅንፍ በቲቤትኛ ወይም በኡይጉርኛ መጨመር የወረቀት ወጪ ያን ያህል አይፈልግም፤ የሚፈልገው ቃሉን በሁለቱም ቋንቋ የሚያውቅና በማተሚያ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጫ ያለው ሰው ነው።